ለሁሉም ማሽን የሚሆን ካርድ

ቤዛዊትን ሶዶ ውስጥ ኦቶና መንገድ ላይ የማያውቃት የለም። ኮምፒውተሩ እንቢ ያለው ሁሉ እሷ ሱቅ ነው የሚሮጠው። አፏ ግን አይጣል ነው። «ሻይ ደፍተህበት ቫይረስ ነው ትለኛለህ?» ብላ ሰው ፊት ታዋርድሃለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ትሠራልሃለች። ይህ ለማንም የማይመለስ አፍ የሚታሰረው አንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ጋሼ ሰብስቤ ፊት።

ጋሼ ሰብስቤ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አላቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው የቤዛዊት አባት የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ አባቷ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ሱቅ ስትከፍት የመጀመሪያውን ዕቃ የሰጧትም እሳቸው። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል? አንገት ደፍቶ «እሺ ጋሼ» ነው እንጂ!

አንድ የሶዶ ኮሌጅ በየዓመቱ ነፃ የትምህርት ዕድል በፈተና ይሰጣል። አምና ፈተናው ሶዶ ብቻ ነበር። የዚያን ዕለት ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት የኦፋ ወረዳ ልጆች ጭቃ ተለውሰው የደረሱት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቤዛዊት ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አየቻቸው። በማግስቱ ኮሌጁ ድረስ ሄዳ «ለከርሞ እዚያው ኦፋ፣ ገሱባ ከተማ ትምህርት ቤት ይፈተኑ፤ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ክፍል እኔ አዘጋጃለሁ» አለች፣ አፏን ሞልታ። ኮሌጁም እሺ አለ፤ ግን አንድ ተማሪ እንኳ ማሽን ቢያጣ ከዚያ ወዲያ ፈተናው ወደ ሶዶ ይመለሳል ብሎ አስጠነቀቀ።

የክፍሉን ኮምፒውተሮች መብረቅ በኔትወርክ ኬብሉ ገብቶ የኬብል መሰኪያቸውን ጨርሶታል። ፈተናው ደግሞ ያለ ኢንተርኔት፣ ከአንድ ዋና ኮምፒውተር በክፍሉ ዋይፋይ የሚደርሳቸው ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ ካርድ ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ነው። ጣጣው ሌላ ነው፤ አሥራ አራቱ ዊንዶውስ ናቸው፣ የቀሩት አሥሩ ግን ከማርጀታቸው የተነሳ ዊንዶውስ ሲጭኑባቸው የሚያቃስቱ ስለሆኑ ሊኑክስ የተባለውን ቀለል ያለ ሥርዓተ ክወና ጭናባቸዋለች። ዊንዶውስ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለውን ካርድ ሊኑክስ «አላውቅህም» ሊለው ይችላል። ቤዛዊት ሁለቱም ላይ የሚሠራ ካርድ ነው የፈለገችው። ጋሼ ሰብስቤ ከመደርደሪያ አንድ አወረዱላት። ሁለቱም ዓይነት ላይ ሰካችው፤ መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። «ይኼ ነው! ሃያ አራት ያስመጡልኝ» አለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ፋብሪካው አንዳንዴ የካርቶኑን ስም ሳይነካ ውስጡ ያለውን ቺፕ ይቀይረዋል። ለውጡ የሚታወቀው ከካርዱ ጀርባ ባለችው ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ እሷን ለማየት ካርቶኑን መክፈት ግድ ነው። ቤዛዊት ይህን ታጣዋለች? ለደንበኛ ሁሉ የምትሰብከው እሷ አይደለችም እንዴ! ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ጋሼ ሰብስቤ ሱቁ ሰው እንደሞላበት ካርቶኖቹን ፊቷ ደረደሩላት። ምላጯን አወጣች። ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ፊት አንድ በአንድ መቅደድ «አላምንዎትም» ማለት መሰላት። ይሉኝታ ያዛት፤ ምላጩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«ቆጠርሽው?» አሏት።

«እርስዎ ቆጥረውት ደግሞ!» ብላ ሳቀች።

ዓርብ ከሰዓት ገሱባ ላይ ስትሰካካ ነው ጉዱ የፈላው። ሊኑክሶቹ ላይ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ድርቅ ይላል። ካርዶቹን ገልብጣ ስታይ ክው አለች፤ ዘጠኙ አሮጌው ዓይነት፣ የቀሩት ቺፑ የተቀየረው አዲሱ። ኢንተርኔት ቢኖር የጎደለውን ፕሮግራም አውርዳ ትጭን ነበር፤ የገሱባ ኢንተርኔት ግን ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል፤ ስልክ መደወል ብቻ ነው የሚቻለው። ላብ እያጠመቃት ዘጠኙን ደህና ካርዶች ለሊኑክሶቹ አዛወረች፣ አዲሶቹን ለዊንዶውሶቹ። አሥረኛው ሊኑክስ ባዶውን ቀረ። አንድ ካርድ!

ያኔውኑ ጋሼ ሰብስቤ ጋ መደወል ነበረባት። ስልኩን አነሳች። «ጋሼ፣ የሰጡኝ ዕቃ ድብልቅልቁ የወጣ ነው» ልትላቸው? እንዴት ብላ! ስልኩን አስቀመጠች፤ ከዚያ ያንኑ ስልክ በቻርጀር ገመድ አሥረኛው ማሽን ላይ ሰካችው። ስልኩ የክፍሉን ዋይፋይ ተቀብሎ ለማሽኑ አቀበለው፤ ሠራ። እፎይ ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የኮሌጁ ተወካይ አማረ መጣ። በየማሽኑ እየዞረ አየ፤ አሥረኛው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ወይዘሪት ቤዛዊት፣ ይኼ ምንድነው?»

«ስልክ ነው፣ አቶ አማረ፤ ግን ሲሙን አውጥቼዋለሁ። ከፈለጉ በማሸጊያ ጠቅልለው አጠገቡ ይቀመጡ።»

«ስልክ ፈተና ክፍል አይገባም።»

«እርስዎ ራስዎ እየጠበቁት ቢሆንስ?»

«አይቻልም አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ማሽን የሌለው ተማሪ ካለ እመዘግባለሁ።»

ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። ቤዛዊት ግን ልታንቀው ምንም አልቀራት። ስልኩን ነቅላ፣ ሲሙን መልሳ ወጣች። ጋሼ ሰብስቤ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ካርዶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንድ ጎደለኝ። ሱቅ እያለሁ አልከፈትኳቸውም… አፍሬ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ብትደውል አይነሳም። አለቀልኝ አለች፤ ካርዱንም ጋሼንም አጣሁ።

ሦስት ሰዓት ሞላ። ተማሪዎቹ ገቡ፤ ወላጆች ደጅ ሆነው በወላይትኛ ያንሾካሹካሉ። አሥረኛው ማሽን የደረሳት ኤልሻዳይ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ሌላው ሁሉ መልስ መምረጥ ሲጀምር እሷ ፈተናው ያልመጣበት ስክሪን ፊት ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ማውዙን ጨብጣ ቤዛዊትን ብቻ ታያለች። ያ አስተያየት! ቤዛዊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አማረ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰዓቱን አየ።

የሞተር ድምፅ ግቢውን ሞላው። ጋሼ ሰብስቤ! በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጠው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው። ጀርባቸው ላይ ማዳበሪያ ተሸክመዋል። በረንዳው ላይ ዘረገፉት፤ በመደርደሪያቸው የነበረ ያ ካርድ ሁሉ፣ ካርቶኑ እንደታሸገ።

«ቅደጂ!» አሉ። እሷ ስታመነታ እሳቸው ራሳቸው በጥርሳቸው ጭምር ይቦጫጭቁት ጀመር። አንዱ አዲሱ ዓይነት። ሌላውም። ሌላውም። የተቀደደ ካርቶን ማን እንደ አዲስ ይገዛቸዋል? ግድም አልሰጣቸው። ከማዳበሪያው ሥር በወጣው ካርቶን ውስጥ አሮጌውን አገኙ። ቤዛዊት ነጥቃቸው ሮጠች፤ ሰካችው፤ መብራቱ ብልጭ አለ። ኤልሻዳይ ስትጀምር ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር።

«ማሽን ያጣ ተማሪ የለም» አለ አማረ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ እየከተተ። «የባከነ ሰዓት ግን አይካካስም።»

ፈተናው አልቆ ኤልሻዳይ መጨረሻ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳላያቸው ተዘጋብኝ» አለች። ቤዛዊት «የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር በይኝ» ብትላትም ልጅቷ እናቷ ወዳለችበት ሄደች።

ቤዛዊት በረንዳው ላይ ካርቶኑ መሀል ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ እርስዎንም አዋረድኩዎት» አለች።

ጋሼ ሰብስቤ እስካሁን የያዙት ቁጣ አሁን ገነፈለ። «እኔ መች ተዋረድኩ? አባትሽ ከእኔ ዕቃ ሲገዛ ፊቴ ገልብጦ፣ ከፍቶ፣ ሰድቦኝም ነበር የሚወስደው። ቅር ይለዋል ብሎ አይፈራኝም ነበራ! አንቺ ግን እንደ ባዳ ፈራሽኝ።»

ቤዛዊት እዚያው ሰው ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።