የይበልጣል ቀብር

ልጅ ሳለሁ ዓርብ ማታ ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። መብራት ካለ መዘምራኑ በኪቦርድ ይለማመዳሉ፣ እኛ ልጆቹ ጥግ ይዘን ስናንቀላፋ እናመሻለን፤ ከጠፋ ግን ጋሽ ታደለ ጓሮ ይዘውን ይወጣሉ። ጋሽ ታደለ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ የሚሰፉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ ቤተ ክርስቲያን የምንለው ከአንድ ነጋዴ የተከራየነውን የጭቃ ቤት ነው። ጓሮው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር የከሰል ምድጃ ከበን፣ የበቆሎ እሸት እየጠበስን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ኩራዙ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሊጠፋ እያለ መልሶ ሲበራ፣ አፍ አፋቸውን እናይ ነበር።

ተረታቸው የጅብና የጦጣ አልነበረም። የሚያወሩን ስለ እኛው ነው፤ በደርግ ጊዜ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ አንዲት ነርስና አንድ መምህር መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነው እንዴት በሹክሹክታ ይዘምሩ እንደነበር፣ አንዱ ደጅ ላይ ብስክሌት የሚጠግን መስሎ እንዴት ይጠብቅ እንደነበር። ሲያወሩ አይቀመጡም። ካድሬውን ሆነው ይቆጣሉ፣ መምህሩን ሆነው ይንተባተባሉ። ከመካከላችን ያዛጋ ከተገኘ «አንተ፣ እንቅልፍህን እናትህ ቤት ሄደህ ተኛው፤ እዚህ ሰው ታሪክ እየበላ ነው» ይሉታል። በትምህርት ቤት «ጴንጤ» እየተባልን ለምንውል ልጆች ያ ታሪክ ትልቅ ነገር ነበር። ሰኞ ጠዋት ቀና ብዬ የምሄደው የዓርቡን ማታ ይዤ ነው።

ከሁሉ የምንወደው የይበልጣልን ቀብር ነበር። ይበልጣል ከማንኩሳ ገጠር መጥቶ እዚህ የሚማር ጎረምሳ ነው፤ ሌሎቹ እንደ አባቴ በሥራ ተመድበው የመጡ ሲሆኑ ከአገሬው ሰው የመጀመሪያው አማኝ እርሱ ነበር። በሃይማኖቱ ምክንያት ከቤተሰቡ ተጣልቶ ከወጣቶቹ ጋር ሲኖር ወባ ያዘውና ሳይሰነብት ሞተ። ደብሩ ቅጥር ውስጥ መቀበር አልተቻለም፤ እድርም የለ። ጓደኞቹ ራሳቸው ላህ ወንዝ ማዶ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። አፈር ሊመለስ ሲል እናቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ወንድሞቿን አስከትላ ደረሰች። ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች።

እዚህ ላይ ጋሽ ታደለ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያኔ እርሳቸው የመዘምራኑ መሪ ነበሩ። ሄደው ከፊቷ ቆሙ፣ ደረቷን የምትመታበትን ሁለት እጇን ግጥም አድርገው ያዙና «እናታችን፣ የጌታ ሰው አይለቀስለትም» አሏት። ዘማሪዎቹም ከኋላ ዝማሬውን ከፍ አደረጉት። «ያቺ አገር ይያዝልኝ ስትል የነበረች ሴት፣ ልጆች፣ ጸጥ አለች። ቀጥ አለች። ኃይል ወረደ። ያለ ለቅሶ ቀበርነው» ይሉናል። እኛም በቆሎ በሞላው አፋችን «አሜን» እንላለን። ስንት ጊዜ እንዳልሁት እንጃ።

እናቴም ማንኩሳ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች። አንድ ዓርብ ልትወስደኝ መጥታ ባትሪዋን አጥፍታ ከዛፉ ሥር ቆመች፤ ይህንኑ ታሪክ እስኪጨርሱም ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሽ ታደለ፣ እኚህ ሴትዮ እኮ አሉ» አለቻቸው።

«የቷ ሴትዮ?»

«የይበልጣል እናት። መንኩሰዋል፤ እማሆይ ውዴ ነው የሚባሉት። ደም ግፊታቸውን የምለካላቸው እኔ ነኝ። ለመጣ ለሄደው የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ሳላለቅስለት ተቀበረብኝ ይላሉ።»

ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። «እኔ እኮ ሞተዋል ብዬ ነው» አሉ። በእጃቸው ይዘው የሚያገላብጡት በቆሎ ከሰል ላይ ወድቆ እያረረ ማንም አላነሳውም። ትልቅ ሰው ሲያፍር ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታችን መጡ። «ብቻዬን አልችለውም፤ አብረሽኝ ነይ» አሏት እናቴን። እኔን የምትተውበት ስላልነበራት ይዛኝ ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ታደለ ስኳርና ሳሙና ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚሉትን እየተለማመዱ ነው።

እማሆይ ውዴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እናቴን ሲያዩ «ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ ግቡ» ብለው ተነሱ። ገና ከመግባታችን ጋሽ ታደለ መሬቱ ላይ ተንበረከኩ።

«እማሆይ፣ ያን ቀን እጅዎን የያዝሁት እኔ ነኝ። አፈር ስሆን ይቅር ይበሉኝ። በጸሎታችን ኃይል ዝም ያሉ መስሎኝ ይህን ሁሉ ዘመን ሳወራው ኖርሁ።»

እማሆይ አተኩረው አዩአቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። «ጠጉርህ ሸበተ እንጂ ድምፅህስ ያው ነው» አሉ። «ተነስ፣ ልጄ፣ መደብ ላይ ተቀመጥ። እኔ ዝም ያልሁት ወንድሞቼን አይቼ ነው። አንተ እጄን ስትይዘኝ እነርሱ ከኋላህ ዱላቸውን ጨብጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ልቀቀኝ ብዬ ብጮህ ያን ቀን ሬሳው ሁለት ነበር። በልጄ መቃብር ላይ ደም አይፈስም ብዬ ዋጥሁት።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ስንት ዓርብ «አሜን» ያልሁበት ኃይል ይህ ነበር፤ አንዲት እናት የሰው ልጅ እንዳይሞት ብላ የዋጠችው ለቅሶ። የጋሽ ታደለን ፊት ላለማየት የእናቴን ቀሚስ ያዝሁ።

«ይቅርታውን ይስጥህ» አሉ እማሆይ። «ቆብ ከደፋሁ ወዲህ ቂም ምን ያደርግልኛል። ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ።» በርጩማቸውን ወደ ጋሽ ታደለ አስጠጉ። «ያኔ እኔም ተቆጥቼ ደጄን ዘግቼበት ነበር። ሁለት ዓመት እናንተ ዘንድ ኖረ። ስለ እኔ ያወራ ነበር? ስሜን ያነሳ ነበር?»

ለዚህ ነው የኖሩት፤ በልጅ ዓይኔም ይታየኝ ነበር። ጋሽ ታደለን የሚያህል ተራኪ፣ ካድሬም መምህርም መሆን የሚችል ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢፈጥርላቸው ምን ነበረበት። «በየማታው ያነሳዎት ነበር» ቢሉ ማን ይመሰክርባቸዋል። በልቤ በሉ፣ በሉ እያልሁ ጸለይሁ።

«አላውቅም፣ እማሆይ።»

«እንዴ፣ በአንድ ገበታ አልነበር የምትበሉ?»

«በአንድ ገበታ ነው። ግን አልጠየቅነውም። እናቱን ትቶ መምጣቱን ነበር የምናደንቅለት፤ አጨበጨብንለት። ይናፍቁሃል ወይ ብለን አንድ ቀን አልጠየቅነውም።»

እማሆይ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው ጥያቄያቸውን አሳንሰው፣ «ጨጓራውስ? በርበሬ ሲበላ ያቃጥለው ነበር» አሉ። ጋሽ ታደለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህንንም አያውቁም። ስንት ጊዜ የቀበሩት ልጅ ምን እንደሚያመው፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ማንን እንደሚመስል አያውቁም። እኛም አውቀነው አናውቅም፤ ቀብሩን እንጂ ልጁን የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ያኔ ነው እማሆይ ውዴ በነጠላቸው ፊታቸውን የሸፈኑት። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ «ይበልጣል፣ ይበልጣል ልጄ» እያሉ ደረታቸውን መቱ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያቆዩትን ሙሾ ቤቱ እስኪሞላ አወረዱት። ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ደጅ ቆመ። ጋሽ ታደለ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው፣ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

በሚቀጥለው ዓርብ መብራት ጠፋ፤ ልጆቹም እንደ ልማዳቸው «የይበልጣልን ቀብር ይንገሩን» አሉ። «እሱን ታሪክ አላውቀውም» አሉ ጋሽ ታደለ። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እርሳቸው ሌላ አወሩ፤ ሲያወሩም እንደ ወትሮው አልተነሱም።

ዛሬ የራሳችንን የብሎኬት አዳራሽ ሠርተናል፤ ጄኔሬተርም ስላለን ዓርብ ማታ የሚጨልም ነገር የለም። የጭሱና የፍሙ ትዝታ ጥሩ ነው፤ ከእኔ ጋር የቀረው ግን የእማሆይ ጥያቄ ነው። ቢያንስ የቀረ ይመስለኝ ነበር። በቅርቡ አንዲት ከቡሬ ገጠር የመጣች ልጅ ለምስክርነት ቆማ «ቤተሰቤን ትቼ ጌታን ተከተልሁ» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም ከሰው እኩል አጨበጨብሁ። እጄ ሲያርፍ ነው የእማሆይ ጥያቄ ትዝ ያለኝ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ደጅ ላይ ጠብቄ «እናትሽ ማን ይባላሉ?» አልኋት።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጥሩነሽ» አለች፤ «እዚህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

እኛ ዘንድ መምጣት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። የምትቀመጠውም እኔ አጠገብ ነው።