የስቅለት ዕለት የተበተነው ወረቀት

ወንድሜ ሰውየውን ሲመታው ጥርሱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዓመታት ሥጋ ቤት የሠራ ሰው የአጥንት ድምፅ አይጠፋውም፤ ይኼ ግን የበሬ አጥንት አልነበረም። ሰውየው ወደ ኋላ ተንገዳግዶ የሥጋው መደርደሪያ ላይ ወደቀ፤ መስታወቱ ረገፈ፤ ለፋሲካ ብለን በደረደርነው ሽንጥና ጎድን ላይ የሰው ደም ተንጠባጠበ። የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ ነበር፤ አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር በነበረችን ሱቅ ውስጥ።

ይኼ ሁሉ የመጣው ከአንዲት የማስታወቂያ ወረቀት ነው። እኔ በማስታወቂያ አምኜ አላውቅም። የእኛ ሰው የሚገዛው በሰው ነው። መጀመሪያ ማን እንደባረከው ይጠይቃል፤ ክርስቲያኑ የክርስቲያን ሥጋ መሆኑን፣ እስላሙ የእስላም መሆኑን ካላረጋገጠ በነፃ ቢሰጡትም አይወስድም። ቀጥሎ ማን እንደሚቆርጠው ይጠይቃል። እኛ ጋ የሚቆርጠው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ለቁርጥ የቱ፣ ለክትፎ የቱ፣ ለአራስ የቱ እንደሚሆን ሳይነግሩት ያውቃል። ጅማት ያለው ሥጋ ለክትፎ ከሚሸጥ ቢርበው ይመርጣል። በዚህ በዚህ እንኳን ትዕቢተኛ ነበር፤ ትዕቢቱንም እወድለት ነበር።

እናታችን የሞተችው እሱ ገና ሳይጎረምስ ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እዚህም ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ዜግነት ወስጃለሁ፣ እሱ ግን ገና ግሪን ካርድ ላይ ነበር። ጠበቃ ሳያስፈልገኝ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከፖሊስ ጋር መነካካት እንደሌለበት ነው። ሁልጊዜ እነግረዋለሁ፤ ሁልጊዜም "እሺ እትዬ" ይለኛል።

ያን ዓመት ከታች መንገድ ዳር ሌላ ሥጋ ቤት ተከፈተ። ትልቅ ታፔላ፣ ደጃፉ ላይ ሙዚቃ፣ በየሳምንቱ በኮሚኒቲው ሬዲዮ ማስታወቂያ። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ወደዚያ ሸሹ። ሥጋው እንደ ጎማ ነው፤ ቢሆንም ሄዱ። እኔ "ይመለሳሉ" አልኩ። ወንድሜ ግን ፈራ። ሠርግ እየቀረጸ፣ በጎን ደግሞ ወረቀትና ፖስተር የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ይዞ ከእኔ ጀርባ መማከር ጀመረ። ቀራጩ ምን እንዳለው በኋላ ሰማሁ፤ "ሶ፣ ሕዝቡ በሙሉ ባንዴ አንድ ቦታ የሚገኘው መቼ ነው? ስቅለት ነው። መኪናው ሁሉ ቸርች ፓርክ ተደርጎ ነው የሚውለው።"

አያችሁልኝ? ሁለት ሰው ተማክሮ ያመጣው ሐሳብ ይኼ ነው።

ስቅለት ዕለት ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎ፣ አፌ ደርቆ፣ ከሕዝቡ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዝናብ ይዘንባል። መኪኖቹ ሁሉ ቀይ ነገር ለብሰዋል። ጠጋ ብዬ የራሴን መኪና ሳይ፣ የመስታወት መጥረጊያው ሥር ወረቀት ተሰክቷል፤ ደም የሚያንጠባጥብ ጥሬ ሥጋ በፎቶ፤ "ለፋሲካ ቁርጥና ክትፎ ከአሁኑ ይዘዙ" ይላል፣ ከሥሩ የሱቃችን ስምና ስልክ። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፉ ያልዞረ ሰው ነው ይኼን የሚያየው፤ ያውም በዚያ ቀን። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው እንደ አይጥ ይዘው ጣሉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከየመኪናው የለቀምኩትን እርጥብ ጥቅል ይዤ ሱቅ ደረስኩና ወረቀቱ እስኪበጣጠስ የወንድሜን ፊት መታሁበት። "ለእኛ ብዬ እኮ ነው እትዬ" አለ፤ እጁን እንኳን አላነሣም።

በማግስቱ ሰውየው መጣ። ሲታክ ኤርፖርት፣ መኪና ማቆሚያው ጋ የሚሠራ፣ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ጾሙን የሚያጠብቅ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አንጥፎ፣ "ጌታ በተሰቀለበት ቀን ጥሬ ሥጋ ታሻሽጣለህ?" አለው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ" አለ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ሰውየው ግን ወረቀቱን ጨምድዶ ፊቱ ላይ ወረወረበት፤ ቀጥሎ እኔን በዓይኑ ፈልጎ አገኘኝና "አሳዳጊ የበደለህ" አለው። አሳዳጊው እዚያው ቆማ። ይኼን የምጽፈው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ጠረጴዛውን ዞሮ አልሄደም፤ በላዩ ላይ ነው የተሻገረው። በቀኝ ቡጢው አፉን አለው። ሰውየው መስታወቱ ላይ ከወደቀም በኋላ በቀኙ በኮሌታው አንሥቶ በዚያው እጁ ደገመው። በግራ እጁ የመበለቻው ቢላዋ እንዳለ ነበር። ረስቶታል፤ እምላለሁ፣ ረስቶታል። እኔ ግን አየሁት። ሽርጡን ይዤ ወደ ኋላ ስጎትተው ክርኑ ከንፈሬን ተረተረው፤ ደሜን እየዋጥኩ ጎተትኩት። ከደንበኞቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። ከቆመበት ቦታ ቢላዋው አይታይም፤ ሚዛኑ ጋርዶታል።

ወንድሜን ፖሊስ ወሰደው። ፋሲካን እስር ቤት ዋለና ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ተለቀቀ። ቪዲዮው ግን ገና እሱ ጣቢያ ሳይደርስ ፖስት ተደርጎ ነበር።

እናም ገበያው መጣ። ከሲታክ መጣ፣ ከካፒቶል ሂል ሬስቶራንቶች መጣ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው ሁሉ መጣ። በቴፕ የተጣበቀውን መስታወት ፎቶ ያነሣሉ። "የተመታው እዚህ ጋ ነው?" ይላሉ፤ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ይሳሳቃሉ። ባዶ እጅ መውጣት ያሳፍራልና አንድ አንድ ኪሎ አስቆርጠው ይሄዳሉ። ከታች ያለው ሥጋ ቤት ሙዚቃው ለራሱ ይጮኻል። ያ ወረቀቱን የሠራው የሠርግ ቀራጭ ብቅ ብሎ "እትዬ፣ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እኮ ተከፍሎበትም አይገኝ" አለኝ። ቅልጥም አንሥቼ ወረወርኩበት። ሳትኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽማግሌዎች ገቡ። ከሰውየው ቤት ተሰበሰብን። ወንድሜ በወጉ መሠረት ድንጋይ ተሸክሞ ገባና ተንበረከከ። ዋናው ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ የተሸሸገ ነገር ካለ ዕርቁ አይጸናም። ያደረግከውን አንድም ሳታስቀር ተናገር" አሉት። ተናገረ፤ ቢላዋውንም ጭምር። ሰውየው ባበጠው አፉ አለቀሰ። "እኔም በአንደበቴ በድያለሁ" ብሎ ድንጋዩን ከአንገቱ አነሣለት፤ ተሳሳሙ። ሰውየው እኔም ጉልበት ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። አለቀ ብዬ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ለካ እዚህ አገር የተመታው ቢምርም መንግሥት አይምርም። ደግነቱ ጠበቃችን ጎበዝ ሴት ነበረች። ቪዲዮው የሚያሳየው ቡጢ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተስማማች። ንዴት መቆጣጠሪያ ትምህርት ይማራል፣ ከጠብ ይርቃል፣ ክሱ ይዘጋል፤ ግሪን ካርዱንም የሚነካው የለም። "ዳኛው ሲጠይቁህ የምታክለው እንደሌለ ብቻ ንገራቸው" አለችው፤ እኔም መኪና ውስጥ ደጋግሜ ነገርኩት። "እሺ እትዬ" አለ።

የቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ለብሰው ከኋላችን ተደረደሩ። የተመታው ሰውዬ እንኳን ከእኛ ጋር ነበር የተቀመጠው። ዳኛው በመጨረሻ፣ እንዲያው ለደንቡ ያህል፣ የሚናገረው ነገር እንዳለው ጠየቁት።

ወንድሜ ተነሣ። ሽማግሌዎቹን ዞር ብሎ አያቸው። "ቢላዋው በግራ እጄ ነበር" አለ በአማርኛ። "አልወጋሁትም፤ ግን ይዤው ነበር። የሸሸግኩት ነገር እንዳይኖር ነው። ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በሉኝ።"

አስተርጓሚው ወደ ኋላ ዞረ። እኔን አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩለት፣ አትበለው ብዬ። ዳኛው ሲጠብቁት ጊዜ ግን ሥራው ነውና ተረጎመው። ጠበቃዋ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ከኋላዬ ዋናው ሽማግሌ "ተባረክ፣ እንዲህ ነው ወንድ" ሲሉ ሰማሁ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ አንድ ሰው መጥቶ ድንጋዩን እንዲያነሣለት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ማንም አልመጣም። ስምምነቱ ፈረሰ። ቪዲዮውን ደግመው ደጋግመው አጫወቱት፤ አሁን ምን እንደሚፈልጉ ስላወቁ፣ በሚዛኑ ጠርዝ ላይ የብረቱን ብልጭታ አገኙት። ያ ሁሉ ገበያ ያመጣልን ቪዲዮ ማለት ነው። የተፈረደበትን እስር ሲጨርስ ወደ ቤት ሳይሆን ታኮማ፣ በግድ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎች ወደሚቆዩበት እስር ቤት ወሰዱት።

ማስታወቂያ ሰው ያስገዛል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ያስገዛል። እንዴት እንደሚያስገዛ እኔን ጠይቁኝ።

ወደ አገር ቤት ሊመልሱት ባሉበት ሰሞን ልጠይቀው ሄድኩ። በመስታወት ተለያይተን፣ በስልክ ነው የምናወራው። ከስቷል። ስለ ጉዳዩ አንሥቶ አላማረረም፤ የጠየቀኝ ስለ ሱቁ ነው።

"ገበያው እንዴት ነው?"

"ሞልቷል። ሁለት ሰው ቀጥሬም አልቻልኩትም" አልኩት።

ፊቱ በራ። ወደ መስታወቱ ጠጋ አለና፣ "ስለ ሥጋው ምን ይላሉ?" አለኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስለ ሥጋው ቃል የተናገረኝ ሰው አልነበረም።

"እንደ ወንድምሽ የሚቆርጥ የለም ይሉኛል" አልኩት።