የመንጋጋው አረንጓዴ ጣቶች

ጆሮ ያለህ ስማ፤ የሌለህ ከጎረቤት ተዋስ! በመኖ ምርምር ጣቢያው ግቢ ከኃላፊው ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ከበጎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆም አንድ ታላቅ ሰው አለ። ስሙን እናቱም ሳትረሳው አትቀርም፤ ሁሉም «መንጋጋው» ይለዋል።

ሥራው እንዲህ ነው። በግ ምን እንደበላች አትናገርም። ስለዚህ መንጋጋው ከኋላዋ እየተከተለ፣ እሷ የነጨችውን ዓይነት ሣር እሷ በነጨችበት ቁመት በጣቱ እየነጨ ከረጢት ይሞላል፤ ላቦራቶሪው ፈጭቶ ይመረምርና «በጎቹ በዚህ ወቅት ይህን ያህል ፕሮቲን አገኙ» ይላል። በደመወዝ ሣር የሚግጥ ብቸኛ ፍጡር ነው ማለት ነው። ሌሎቹ ደመወዝተኞች የሚግጡት ሌላ ነገር ነው።

ክረምት ላይ ችግር የለም። ምድሩ ለምለም ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ብትነጭም ከበጓ ምርጫ አትርቅም። በጋ ሲገባ ግን ሣሩ ይገረጅፋል፤ ፍሬ ነገሩ አልቆ ጭድነቱ ይቀራል፤ በጎቹ ሆዳቸውን ሞልተው ይከሳሉ። ለዚያች ጭድም ቀኑን ሙሉ ሲንከራተቱ ይውላሉ። መንጋጋው ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል፤ በተለይ ፀሐይ ስትበረታ። እናም በዚያ በጋ ከሚያፈሰው የውሃ ቧንቧ ሥር፣ ጥላ ያላት አንዲት ለምለም ቦታ አገኘ። ተቀመጠ። ነጨ። ከረጢቱ ሞላ።

ላቦራቶሪው ተደነቀ። ኃላፊው «በጎቻችን በበጋም ይጠግባሉ!» ብሎ በስብሰባ ላይ አወጀ፤ ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ልቡን ቢነፋው ጊዜ፣ ላረገዙት በጎች የሚሰጠውን ተጨማሪ መኖ፣ ፋጉሎውን፣ አስቆመና የፋጉሎውን መጋዘን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

የመንጋጋው ሚስት ጋጣው ውስጥ ነው የምትሠራው። ራት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«በጎቹ አጥንታቸው ወጣ። አንዷማ ዛሬ መነሳት አቃታት። እንዲህ ሆነው ቢወልዱ ግልገሉም እናቱም አይተርፉም።»

«ላቦራቶሪው ጠግበዋል ብሏል፣ ሴትዮ።»

«እንግዲያው ላቦራቶሪው ይውለድልኛ!» አለችና ዓይኗ እጁ ላይ አረፈ። «አንተ! አገር ምድሩ ገለባ ሆኖ ያንተ ጣት ምን ነክቶት ነው አረንጓዴ የሆነው?»

መንጋጋው ጣቶቹን ጉያው ሥር ሸጎጠ።

በማግስቱ ከፊቷ እየተነዳ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ጥላውንም ቧንቧውንም አንድ በአንድ ተናዘዘ።

«ምን ላድርግልህ ታዲያ? ጥናቱ እኮ ተጨብጭቦለታል!» አለ ኃላፊው። «አዲስ ናሙና አምጣ፤ ይመርመር፤ ውጤቱ ሲመጣ እናያለን።»

«ውጤቱ እስኪመጣ እኔ የምጠብቀው ቆዳ ብቻ ነው፣ ጌታዬ» አለች ሚስቱ። ከሽርጧ ኪስ አንድ ጭብጥ ደረቅ ሣር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «ጠዋት ከበጎቹ አፍ ሥር የነጨሁት ነው። ይቅመሱት።»

ኃላፊው ሳቀ። ማንም አላጀበውም። የሚፈራ እንዳይመስልበት አንድ ቁንጥር አፉ ከተተ። አኘከ። አሁንም አኘከ። ሊውጠው ሲል አነቀው፤ ሊተፋው ሲል ሴትዮዋ ዓይኗን አልነቀለችለትም። እንባው እየወረደ፣ ጉንጩ እንደተወጠረ፣ እጁ ቁልፉን ፍለጋ ኪሱ ገባ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ባለ ከረባት ተነስቶ «ሁሉም ጠግቧል» ሲልህ፣ ለማጨብጨብ እጅህን ከማንሳትህ በፊት፣ እባክህ፣ መጀመሪያ ለተናጋሪው አንድ ቁንጥር...