የጠፋው ቮልዩም

በሬዲዮ ጣቢያው ሁሉም እትዬ ዝናብ ይላታል። ሥራዋ ለድራማ የሚሆኑ ድምፆችን እየቀዱ ማስቀመጥ ነው፤ የበር ሲጥታ፣ የጫማ ኮቴ፣ የወፍ ጫጫታ፣ ከሁሉ በላይ ግን ዝናብ። ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ከቅጠል የሚንጠባጠበውን፣ ሊያባራ ሲል የሚያመነታውን ለይታ ታውቃለች። ዕድሜ ልኳን የለቀመችው ሁሉ አሁን አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ካሴቶቹ ሻግተው ተጥለዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እትዬ ዝናብ ዋናው ቢሮ ለሚሠራው የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለች።

«አይጨነቁ እትዬ፣ ዲስኩ አንድ ቢሆንም ለሁለት ተከፍሏል» አላት። ከዚያ ድራይቭ፣ ፓርቲሽን፣ ቮልዩም እያለ አወረደው። አንዱም ሳይገባት «እሺ፣ እሺ» አለች።

«ባዶው ቮልዩም አንድ የሚባለው ነው። እሱን ያጥፉትና ሌላውን እናሰፋዋለን።»

ቮልዩምን ማጥፋትማ የዘወትር ሥራዋ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ድምፅ የምትቆጣጠረውን፣ «አንድ» የተጻፈባትን ቁልፍ አዙራ ዘጋች።

«ጠፋ?»

«ጠፋ ልጄ። ጭጭ ብሏል።»

«በቃ ሌላ ነገር አይንኩ፣ መጣሁ።»

ስትደውል አንድ የዝናብ ቅጂ ከፍታ ነበር። ድምፁ ቢጠፋም የድምፁን ሞገድ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ መውጣት መውረዱን አልተወም። ያለ ድምፅ ሲዘንብ አይታ አታውቅም። በመስኮቱ በገባው ፀሐይ ውስጥ አቧራው ቀስ እያለ ይወርዳል። እሷም በሐሳብ ጭልጥ አለች። ወለሉ የራሰ መስሏት እግሯን ወደ ወንበሩ ሰበሰበች። የት እንዳለች ዘንግታ፣ ያ ዝምተኛ ዝናብ ትከሻዋን፣ ፀጉሯን ሲያርሳት ቆየች።

ባለሙያው ገብቶ ስክሪኑ ላይ ከዝናቡ ቅጂ ጎን «ቮልዩም 1» ተብሎ የተጻፈውን ሲያይ ክው አለ።

«እትዬ… ይኼ ማሽን የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። ባዶው ዜሮ ነበር፤ ድምፆችዎ ያሉት አንድ ላይ ነው። እኔ ነኝ ያስጠፋሁዎት። የቱን ነው የተጫኑት?»

«ይቺን ነዋ» ብላ ቁልፏን መለሰቻት። ዝናቡ ክፍሉን ሞላው።

ባለሙያው ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ቮልዩም ስልዎት…»

«ሌላ ቮልዩም አለ እንዴ?»

«የዲስኩን ክፍልም ቮልዩም ነው የምንለው። ያጥፉት ስልም ከነ ውስጡ ይሰረዝ ማለቴ ነበር።»

«ታዲያ ክፍል ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችው። እሱም ሳቁ መጣ።

በማግስቱ ሌላ ዲስክ ይዞ መጣና ድምፆቹን መገልበጥ ጀመሩ። ሥራው ዝግ ያለ ነበር። እሷ እስከዚያው ከወንዝ ወደ ንፋስ፣ ከንፋስ ወደ ባሕር ዳርቻ እየወሰደች ታሰማው ጀመር። ሩቅ የሚሄደው ባቡር ላይ ሲደርሱ ዞር ብላ ብታየው እንቅልፍ ይዞት ሄዷል። አልቀሰቀሰችውም።