በዝምታ የቀዳኋቸው ሸክላዎች

አጎቴ ሸክላዎቻቸውን ወደ ፍላሽ እንድገለብጥላቸው ሲጠይቁኝ የሰጡኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳይሸፋፍኑ ነው የነገሩኝ። ግራ ጆሯቸው ከዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ቀኙም እየደከመ እንደሆነ ሐኪም ነግሯቸዋል፤ መቼ እንደሚዘጋ ግን ማንም አያውቅም። "ቀኙ ሳይዘጋ አንዴ ልስማቸው፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲያባብሉኝ ኦሮምኛው ይቀናቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ተነስቼ አላወቅሁም ነበር ብል ውሸቴን ነው። አውቅ ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ከሞላ ጎደል አጋሮ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ጅማ መጥተው ጅሬን ወንድ ልጃቸው ቤት ገቡ። አጋሮ ሳሉ ሱቃቸው ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ነበራቸው። የቡና ለቀማው አልቆ ሰርግ ሲበዛ፣ ከየገጠሩ የሚመጣው ደንበኛ ልብሱ እስኪያልቅለት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ዘፈን ይሰማል። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሱዳንኛው፣ የህንድ ፊልም ዘፈን ሳይቀር ነበራቸው። እሳቸው ደግሞ የስፌት መኪናቸውን ፔዳል የሚረግጡት በዘፈኑ ምት ነበር። ቀስ ያለው ዘፈን ለእጅጌና ለአንገትጌ፣ ፈጣኑ ደግሞ ለረጅሙ ቀጥ ያለ ስፌት። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ጋ እሄድ ስለነበር አይቻለሁ፤ ሸክላው ወጥቶ ሌላ ሲገባ የመኪናው ኳኳታም አብሮ ይቀየራል። ለዚህ ነው ዘፈኖቹን በርዕስ ሳይሆን በእግራቸው የሚያውቋቸው።

ያ ማጫወቻ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩ ተቃጠለ። የሚጠግነው ሰው ጅማም አጋሮም ጠፋ። ሸክላዎቹ ሣጥን ገቡ፤ አጎቴም ዘፈን የሚባል ነገር ሳይሰሙ ብዙ ዓመት ቆዩ። ሬዲዮ አይወዱም፤ ወሬው ይበዛል ባይ ናቸው። እኔ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አስተምራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የሚገናኝ አዲስ የሸክላ ማጫወቻ እንዳለው ስሰማ ለምኜ ተዋስኩት። እዚህ ድረስ ጥሩ ሰው ነበርኩ።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል ስለሌለኝ በነዚህ ቀናት እንዲመጡ ተስማማን። ሣጥኑን በአንዴ ላምጣው ብላቸው እምቢ አሉ፤ ሸክላ በባጃጅ ተጭኖ የጅሬንን ቁልቁለት ከወረደ ይሰበራል አሉ። በየቀጠሮው አምስት አምስት ሸክላ በአቡጀዲ ጠቅልለው፣ ጉልበታቸው ላይ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ከጅሬን መንደራ ቆጪ ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ ይመጡ ነበር።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ቆንጆ ቀን ነበር። ድምፅ ማጉያውን ከላፕቶፑ ጋር አያያዝኩና አምስቱንም ሸክላ ከነጀርባቸው ሰማን። አጎቴ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። የገረመኝ እግራቸው ነው። መርፌው ገና ሲንጫጫ፣ ዘፈኑ ሳይጀምር፣ ቀኝ እግራቸው ምንጣፉ ላይ መርገጥ ይጀምራል፤ ዘፈኑ ሲመጣ ከእግራቸው ጋር አንድ ይሆናል። አንዱ ላይ ሲደርሱ የማንን የሰርግ ሱሪ እንደሰፉበት ሁሉ ነገሩኝ። ሲሄዱ በር ላይ ቆመው ሦስቴ መረቁኝ።

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ከግድግዳዬ ወዲያ የሚኖሩት አናጢ አረፉ። ድንኳን ተጣለ፣ ሰፈሩ ለቅሶ ተቀመጠ። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላም ቢሆን አርባው ሳይወጣ ሙዚቃ መክፈት የማይታሰብ ነው፤ ግድግዳችን አንድ ነው፣ ሲያስሉ እንኳን እሰማቸው ነበር። አጎቴ ከእኔ ቀድመው ነው ነውር ነው ያሉት። ሥራውን እስከ አርባው እናቁመው ብዬ አሰብኩ። ግን ማጫወቻው የውሰት ነው። ደግሞ ስሞክረው ለካ ለመቅዳት ድምፅ አያስፈልግም፤ ሸክላው ይሽከረከራል፣ ድምፁ በገመዱ በኩል ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል፣ ቤቱ ጭጭ እንዳለ ነው። ለአጎቴ ይህን ሳሳያቸው ተገረሙ። እንግዲህ ቅጂው ይቀጥል፣ እኔም መጥቼ እቀመጣለሁ አሉ።

መጥተውም ይቀመጡ ነበር። በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው የሚሽከረከረውን ሸክላ ያያሉ። እኔ ጆሮዬ ላይ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ድምፁ እንዳይበዛና እንዳያንስ እቆጣጠራለሁ። አንዳንዴ ምን ላይ ደረሰ ይሉኛል፤ እኔም ሁለት ደቂቃ ቀረው እላለሁ። ምን ማለቴ ነው? ሰውዬው የጠየቁኝ ስለ ዘፈኑ ነው፤ እኔ የምመልሰው ስለ ሰዓት።

አንድ ሐሙስ፣ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ሳምንት ላይ፣ አጎቴ እጃቸውን ወደ ጆሮ ማዳመጫው ዘረጉ። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ መርሳት ብችል ደስ ባለኝ። "ጋሼ፣ አሁን ጫጫታ ብቻ ነው። አጥርቼ ስጨርስ ንጹሑን ይሰማሉ።"

"እሺ፣ ኢንሻአላህ" አሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ።

እኔ ያላለቀ ነገር ለሰው ማሳየት አልወድም። ቤቴን ሳይጠራረግ እንግዳ ካየው ሳምንቱን ሙሉ ይከፋኛል። ተማሪዎቼም ይህን ጠባዬን ያውቁታል፤ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት አልቀበልም። አጎቴም ጫጫታ የሞላበትን ዘፈን ቢሰሙ ቅር የሚላቸው መሰለኝ። ዕድሜ ልካቸውን ከጫጫታው ጋር ሲሰሙት የኖሩ ሰው መሆናቸው ትዝ አላለኝም። ሞኝነቴ አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የድምፁን ልክ አንዴ ካስተካከልኩ በየደቂቃው መስማት እንደማያስፈልገኝ ገባኝ። ሸክላው እየዞረ እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በዝናብ፣ እርማት እንቅልፍ ያመጣል። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ከላፕቶፑ ነቅዬ ስልኬ ላይ ሰካሁትና እንቅልፍ የሚያባርሩልኝን የዘመኑን ፈጣን ዘፈኖች ከፈትኩ። ስልኩ ወረቀቶቹ ሥር ነበር፤ ከአጎቴ መቀመጫ አይታይም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀጠሮዎች ሁሉ እንደዚያው ነው ያደረግኩት። እሳቸው ሸክላቸውን ያያሉ፣ እኔ የራሴን እሰማለሁ።

የአናጢው አርባ ወጣ። ግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ እንደገና ተከፈተ። ድምፅ ማጉያው እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ገመዱን መሰካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አልሰካሁትም። አጎቴም አልጠየቁም፤ አንዴ አጥርቼ ብያቸዋለሁና ቃሌን እየጠበቁ ነበር መሰለኝ። ያኔ ገና ይሰሙ ነበር። ሻይ ቀረበ ስላቸው ዞር ይሉ ነበር።

ሸክላዎቹ ተቀድተው ሲያልቁ ማጫወቻውን ለባለቤቱ መለስኩ። ቀጥሎ ማጥራቱ መጣ። በኮምፒውተሩ የድምፁን ቅርጽ እያየሁ፣ ዘፈን ዘፈኑን ለይቼ፣ መንጫጫቱን እየቀነስኩ፣ ቁጥር እየሰጠሁ ሄድኩ። መሐሉ ላይ የፈተና ሰሞን ገባ፤ ሁለት ሳምንት ሳልነካው ቀረሁ። ያለቀውን ይዤ ጅሬን መውጣት እችል ነበር፤ ግማሹን ምን ብዬ እሰጣለሁ አልኩ። በመጨረሻ ፍላሹንና ድምፅ ማጉያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በባጃጅ ወጣሁ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

በሩን የከፈተችልኝ የልጃቸው ሚስት ናት። አጎቴ ከሳምንት ወዲህ ምንም እንደማይሰሙ እዚያው በር ላይ ነገረችኝ። ቀኙም ዘግቷል፤ ሐኪም አይቷቸው ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ብሏል። ለምን አልደወላችሁልኝም ስላት አጎቴ ከልክለዋቸው እንደሆነ ነገረችኝ፤ በሥራዋ አታስቸኩሏት ብለው።

በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ፍላሹን ሳሳያቸው ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ያ ሁሉ ሸክላ እዚህ ውስጥ ገባ ብለው ሳቁ። ድምፃቸው ራሳቸው ስለማይሰሙት ጮክ ይላል። እኔ አለቀስኩ። እጄን ያዝ አድርገው አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔ ደህና ነው አሉኝ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ከዘፈኖቼ አንዱን ወደሽዋል፤ አይቼሻለሁ። አንድ ማክሰኞ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ጆሮሽ ላይ ያን ነገር አድርገሽ በእግርሽ ወለሉን ትመቺ ነበር። ወላሂ፣ ያን ቀን እኔ ባልሰማም እሷ ከሰማችው ይበቃል አልኩ። እሱን ክፈቺው። እግርሽን አይቼ የቱ እንደሆነ አውቀዋለሁ።"

የቤቱ ሰዎች ሊያናግሯቸው ሲፈልጉ የሚጽፉላቸው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እስክሪብቶውም አጠገቡ። ጋሼ፣ ያን ቀን የሰማሁት የእርስዎን አልነበረም ብዬ መጻፍ እችል ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁት፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

ፍላሹን ሰካሁና አንደኛውን ከፈትኩ። ጥርት ያለ ድምፅ በረንዳውን ሞላው፤ የልጃቸው ሚስት እንኳን ከጓዳ ብቅ ብላ አየች። ዘፈኑን በቅጡ ስሰማው ከመጀመሪያው ማክሰኞ ቀጥሎ ያኔ ገና ሁለተኛዬ ነው። ምቱን እስክይዝ ጥቂት ዘገየሁ፤ ከዚያ በእግሬ ሲሚንቶውን መምታት ጀመርኩ። አጎቴ ጎንበስ ብለው ጫማዬን ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ የእሳቸውም እግር ተነሳ፣ ከእኔ ጋር አንድ ላይ መርገጥ ጀመረ። ፈገግ አሉ። ዘፈኑን አወቁት፤ የስንት ሰው እጅጌ ሰፍተውበታል።

ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ አይደለም። ያ ፈጠን ይላል። ቀጣዩን ክፈቺ።"

ቀጣዩን ከፈትኩ። እግሬን አዩ፣ በእግራቸው ተከተሉኝ፣ እሱንም አወቁት፤ አሁንም አይደለም አሉ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ፍላሹ ላይ ከመቶ በላይ ዘፈን አለ። እሳቸው የሚፈልጉት ግን ከነሱ አንዱም አይደለም፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"ቀጣዩን" አሉ አጎቴ፣ ዓይናቸውን ከጫማዬ ሳያነሱ።

ከፈትኩላቸው።