የጋሽ ዘውዱ ሆድ በቀጥታ ስርጭት

ጋሽ ዘውዱ የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ካርቲየ 3 ሰፈር ያለችውን ጠባብ የፊደል ክፍላቸውን በስልክ ለመላው ጅቡቲ ከፍተዋል። ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ሴቶች ክፍል መምጣት ስለማይችሉ፣ ትምህርቱ በቀጥታ ስርጭት ያሉበት ወጥ ቤት ድረስ ይሄድላቸዋል። ስልኩን ፊት ለፊት ዴስክ ላይ በጣሳ አስደግፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያስተምራሉ። የተቀረጸውን መልሰው አይተውት አያውቁም፤ የገዛ ድምፃቸውን መስማት ያሳፍራቸዋል። ግን "የዘመኑ ሰው ነኝ" ይላሉ፣ ስልኩን ጎረቤት እየከፈተላቸው።

ክፍሉ የእድሩ ነው። እድሩ ደግሞ ድንኳንና ወንበሩን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ዓይኑን ጥሎበታል። ሊቀመንበሩ አቶ አማኑኤል "የሚማር ሰው ካለ አሳየን፤ አለዚያ ወንበር ይግባበት" አሉ። ጋሽ ዘውዱም ሠራተኞቹ በሚያርፉበት በዓርብ በሩን ለሕዝብ ወለል አድርገው ከፈቱ።

ሙቀቱ ሰው ቢያቀልጥም ክፍሉ ጢም አለ። ጋሽ ዘውዱ ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራውን፣ ዓመት ሙሉ በስልክ የተከታተለችውን አሰገደችን ጠሩ። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ አንበለበለችው። ተጨበጨበ። ደረታቸውን ነፍተው ሰሌዳው ላይ "መ" ጻፉ።

"ይህቺስ?"

አሰገደች ሰሌዳውን እንደ እንግዳ ሰው አየችው። "ለ" ጻፉ። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"ምነው አሰገደች፣ ጉድ ሠራሽኝ!"

"ይቅር ይበሉኝ ጋሽዬ፤ ፊደሉን አይቼው አላውቅም። በስልኩ የሚታየን ሆድዎ ብቻ ነው።"

"ዓመት ሙሉ? ታዲያ አትናገሩም!"

"ኧረ በስመ አብ! አስተማሪ እንዴት ተደርጎ ሆድዎን ዞር ያድርጉ ይባላል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ዘውዱ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ፤ ግን ይህን ሆድ የሚያስገባ ጉድጓድ ከየት ይመጣል? ራሳቸውም ሳቁ።

"ያው አማኑኤል፣ ተማሪስ አላጣሁም። ያስተማርኩት ግን ሆዴን ነው።"

አቶ አማኑኤል በሳቅ ያነባ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሆድ እያዩ ዓመት ከጸኑ ሰሌዳ ቢያዩማ ምን ሊሆኑ ነው! ለወንበሩ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል።"

ጋሽ ዘውዱ ቀጥታ ስርጭቱን በጎረቤታቸው አስከፍተው ስልኩን ለአሰገደች ሰጧት። እሷም ስልኩን ወደ ሰሌዳው አዙራ፣ እየተሽኮረመመች፣ "ትንሽ ዞር ይበሉልኝ ጋሽዬ" አለች። ዞር አሉ።

ወዲያው ፔካ 12 ሰፈር ከምትሠራውና ለመምጣት ከአሠሪዋ ፈቃድ ካላገኘችው ከዙለይካ የድምፅ መልእክት ገባ።

"ጋሽዬ፣ ሰሌዳው አረንጓዴ ነው እንዴ?"