አሰፋች ከብረት ክምር አልወርድም ያለች ዕለት

አሰፋች ክላክስ ስታደርግ የቃሊቲ ውሾች እስከ ዱከም ይሰደዳሉ ይባላል። ይህ ግነት ነው፤ ከገላን አያልፉም።

የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። በረዳትነት ጀምራ፣ በር ላይ ተንጠልጥላ "ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!" ስትል ጉሮሮዋ ስንቱን ወንድ ረዳት ሥራ ካስለቀቀ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ቆይታም ከዱባይ የመጣ አሮጌ ሚኒባስ ገዛች። ሚኒባሱ እንደ ብዙዎቹ መሪው በቀኝ ነበርና እዚሁ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ወደ ግራ ተዛወረለት። ከዚያ ወዲህ ከትራፊክ ፖሊስ በስተቀር ማንም አልለያያቸውም።

ታዲያ የዓመታዊ ምርመራው ወር ሲቃረብ መካኒኳ ጉዲሳ ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ወጣና ራሱን ነቀነቀ።

"እትዬ፣ ሞተሩንና መሪውን የተሸከመው የፊት አግዳሚ ብረት ተሰንጥቋል። በዚህ ሁኔታ ቦሎ አይሰጡሽም።"

"ቢሰጡኝስ?"

"ቢሰጡሽማ አንድ ቀን መሪው እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ጎማው ተሳፋሪውን ይዞ ይሄዳል።"

ቦሎ ከሌለ መኪናው ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ አሰፋች ትቆማለች፤ አሰፋች ደግሞ ቆማ አታውቅም። አሮጌውን ብረት አስፈታች፣ በሸራ ጠቅልላ ጋሪ ላይ ጫነችውና ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ቀናው ግቢ ሄደች። መንገደኛው ኮፍያውን እያነሳ "ነፍስ ይማር" አላት።

ቀናው ገና ከበሩ ሳቀ። "አሰፉ፣ ይሄን ምን አሸከመሽ? ሞዴሉንና የሻንሲ ቁጥሩን መንገር ነበር እንጂ!"

"አፍ ይሳሳታል፤ ብረት አይሳሳትም።"

ቁጥሩን ሰምቶ፣ ጥቁር ቀለም የጠጣ፣ እንደ ሙሽራ ጫማ የሚያብለጨልጭ አግዳሚ አስወጣ። "በቁጥርሽ ልክ! ከዚህ የተሻለ ካማረሽ ጃፓን ሂጂ።"

አሰፋች አሮጌውን ከጎኑ አስተኛችው። ርዝመቱ እኩል ነው፤ የሞተሩ ማሰሪያ ቀዳዳም እኩል። ቀናው ማሰሪያ ገመድ መፈለግ ሲጀምር ጣቷን ቀሰረች።

"የመሪው ማሰሪያ በቀኝ ነው።"

"ታዲያ መኪናሽ ሲወለድ መሪው በቀኝ አልነበረም?"

"ሲወለድማ አንተም ጥርስ አልነበረህም! ዛሬ በግራ ነው የምነዳው።"

"ቆርጠን በግራ እንበይዳታለን፤ ሻይ እስክትጠጪ ታልቃለች።"

"ሕዝብ ጭኜ በሻይህ ገደል ልግባ? ከጥንቱ በግራ የተሠራውን አምጣ።"

"የለም።"

"ያ ሁሉ ክምር ምንድን ነው?"

"እሱን ማን ያገላብጣል?"

አሰፋች ቀሚሷን ሰብስባ ክምሩ ላይ ወጣችና ተቀመጠች። ከእንጦጦ ትታይ ነበር የሚሉ አሉ።

"ውረጂ!"

"አልወርድም።"

"ኪራይ ሰብሳቢ! የልማት አደናቃፊ!" ቀናው ከቀበሌ ስብሰባ የተረፈችውን ቃል ሁሉ ወረወረባት።

"ስብሰባህን እዚያው፤ ብረቴን እዚህ!"

ገዢ በገባ ቁጥር ከላይ ትጮሃለች፦ "ወንድሜ፣ አሮጌህን አምጥተህ ጎን ለጎን አስተኝተሃል? ቀለሙንስ በቁልፍ ፍቀህ አይተሃል? ከሥሩ ብየዳ አይጠፋም!" ገዢው ቆም ይልና አሮጌውን ሊያመጣ ይመለሳል። ከቀትር በኋላ ግቢው አሮጌ ብረት በተሸከመ ሰው ተሞላ። አንዱ በር፣ አንዱ ኮፈን ታቅፏል፤ አንዷማ ሙሉ ላዳ ታክሲ አስገፍታ መጣች።

ቀናው እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ክምሩን መናድ ጀመረ። አሰፋች ከብረት ወደ ብረት እየተዛወረች አስቆፈረችው። በመጨረሻ ከታች አንድ ዝገት የለበሰ አግዳሚ ወጣ፤ የመሪው ማሰሪያ በግራ። ከክምሩ ሳትወርድ አሮጌውን አስመጥታ ከጎኑ አስተኛችው፤ ቀዳዳው ሁሉ ገጠመ። በቁልፏ ፋቀችው፤ ከዝገቱ ሥር ብየዳ ያልነካው ብረት ታየ። ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ወጠረችበት፤ አልተጣመመም።

"አሁንስ?" አለ ቀናው እያለከለከ።

"አሁን ወረድኩ።"

"አሮጌውን እንግዲህ እዚሁ ተይልኝ" አለ በለዘበ ድምፅ።

"በይደህ፣ ቀለም አጠጥተህ ለሌላ ልትሸጠው? አላደርገውም!" ሁለቱንም ጋሪው ላይ አስጫነች።

ጉዲሳ የተገኘውን አግዳሚ ያለ አንዲት የመዶሻ ምት አሰረው። መኪናው ምርመራውን አለፈ፣ ቦሎውም መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። የተሰነጠቀው ብረት ደግሞ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ከአሰፋች አጥር ውጭ መቀመጫ ሆኗል። ቀናው በዚያ ሲያልፍ ሁልጊዜ ትጋብዘዋለች።

"ና ቁጭ በል! በዚያ በኩል ግን ተሰንጥቋል፤ እኔ ቀለም አልቀባሁበትም።"